አሻንጉሊቶቹ ከመደርደሪያው ይውረዱ

በዚህ እትም የምጽፈው ስለ አሻንጉሊት ነው። ወንዶች አትሳቁ! መጀመሪያ አንብቡት።

አሻንጉሊት የልጅ ዕቃ ነው ብለን እናስባለን አይደል? ድሮ በአውሮፓ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አልነበረም። በኔዘርላንድ፣ በአምስተርዳም ከተማ፣ ፔትሮኔላ ኦርትማን የምትባል የሀብታም ነጋዴ ሚስት ነበረች። ከ1686 እ.ኤ.አ. ጀምራ ለብዙ ዓመታት አንድ የአሻንጉሊት ቤት ስታሠራ ኖረች። ቤቱ በትልቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የተሠራው፤ ሳሎንም ወጥ ቤትም አለው። ትንንሾቹን የሸክላ ዕቃዎች ከቻይና ድረስ አስመጥታለች። ወጪው በከተማዋ ውስጥ እውነተኛ ቤት ይገዛ ነበር። አስቡት፣ እንጀራ ለማይበላ አሻንጉሊት! ያ ሁሉ ደግሞ ለእንግዳ ማሳያ እንጂ ለልጅ መጫወቻ አልነበረም።

የእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት ይብሳል። ያለቀው በ1924 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዕቃው ሁሉ ከእውነተኛው 12 ጊዜ ያነሰ ነው። ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሊፍቱም ይሠራል። ንግሥቲቱ ያኔ 57 ዓመታቸው ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ የወደድኳትን ልንገራችሁ። ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የተገኘች አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አለች። በሮማውያን ዘመን ስለተሠራች ቢያንስ 1500 ዓመት አልፏታል። ከተልባ እግር ጨርቅ የተሰፋች ናት፤ ሆዷ ውስጥ የታጨቀው ቁርጥራጭ ጨርቅና ፓፒረስ ነው። ፓፒረስ ማለት የዚያ ዘመን ወረቀት ነው። በቃ፣ እኛ እቃቃ ስንጫወት ከቡትቶ የምንሠራት ዓይነት! ወንዶችም የካልሲ ኳስ ስትሠሩ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከፔትሮኔላ ቁም ሳጥን ይልቅ እሷን እመርጣለሁ፤ አንድ ልጅ አቅፏት ይተኛ ይሆናላ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለምን መሰላችሁ? በእኛ ዜሮ ክፍል መደርደሪያ ላይ አሻንጉሊቶች አሉ። ፕላስቲካቸው እንኳን አልተቀደደም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ አቧራቸው ይጠረጋል፣ ሲሄድ ይቆለፍባቸዋል። ታናሽ እህቴ ዓመቱን ሙሉ በመስታወት ስታያቸው ነው የከረመችው። ስማቸውን ሁሉ አውጥታላቸዋለች፣ ግን አንዷንም ነክታ አታውቅም። ታዲያ ይሄ ከፔትሮኔላ በምን ይለያል?

መምህሮቻችን «ልጆቹ ይሰብሩታል፣ ይጠፋል» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይሰበራል። ግን የፔትሮኔላን ቤት ያኔ የሣለው ሠዓሊ ክፍሎቹን በአሻንጉሊት ሞልቶ ነው ያሳየው። ዛሬ ቤቱ አምስተርዳም ሙዚየም ውስጥ ሲታይ በቁም ሳጥኑ የቀረችው በአልጋዋ የተኛች አንዲት ሕፃን ብቻ ናት። ሌሎቹ ልጅ ሳይጫወትባቸው ጠፍተዋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ዜሮ ክፍሎች ቢያንስ ዓርብ ዓርብ አሻንጉሊቶቹ ይውረዱላቸው። የተቀደደውን እኛ የ7ኛ ክፍል ልጆች በክበብ ሰዓት እንሰፋለን። መርፌና ክር አለን፣ ጨርቅም ከየቤታችን እናመጣለን። ቁልፉ ግን ከእናንተ ነው፣ መምህራን።


ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል