«ኖርማል ነው» ከማለታችን በፊት



በደባርቅም በዳባትም ከወጣቱ አፍ የማትጠፋ ቃል አለች፦ «ኖርማል»። ቤቲንግ መቁረጥ «ኖርማል ነው»፤ ሱብሒን ተኝቶ ማሳለፍ «ኖርማል ነው»። እኛም አንዳንዴ ታመልጠናለች።

ቃሏን የወሰድነው ከእንግሊዝኛ ነው፤ ሥሯ ግን ላቲን ነው። «ኖርማ» የአናጺ ማዕዘን መለኪያ ነው፤ አናጺዎቻችን ስኳድራ የሚሉት። «ኖርማል» መጀመሪያ በስኳድራ ልክ ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት ነበር። «የተለመደ» የሚለው ትርጉም የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ልዩነቱን እናስተውል። አናጺ እንጨቱ ሲጣመም እንጨቱን ይልጋል እንጂ ስኳድራውን አያጣምምም። እኛ ግን ብዙ ሰው ሲጣመም ባየን ቁጥር መለኪያውን እያጣመምን ነው።

በዐረብኛም «መዕሩፍ» ሥሩ «የታወቀ» ነው፤ «ሙንከር» ደግሞ ልብ የሚክደው፣ እንግዳ የሚሆንበት ነገር። ሙንከሩን ስንለምደው እንግድነቱ ይጠፋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ቁማር በሱረቱል ማኢዳህ 90 ተከልክሏል፤ ከተማው ሁሉ ስለቆረጠ ሐላል አይሆንም።

እንግዲህ ጓደኛችን «ኖርማል ነው» ሲለን፣ ሳንቆጣ «በየትኛው ስኳድራ?» እንበለው። መጀመሪያ ግን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።