ስለ ድንች ዘር ጎተራና ስለ ነፋሱ

ድንች ከመሬት ከወጣ በኋላም ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከመቶው እጅ 80 ያህሉ ውሃ ሲሆን፤ በጎተራ ተኝቶ ሳለ እየተነፈሰ ሙቀትና ርጥበት ያወጣል። ሙቀቱ መውጫ ያጣ እንደ ሆነ በክምሩ መካከል ይጠራቀማል፤ ሲጠራቀምም ድንቹ አብልጦ ይተነፍሳል፤ አብልጦ ሲተነፍስም ይብሱን ይሞቃል፤ ፍጻሜውም መበስበስ ነው።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በጮቄ ተራራ ግርጌ የዘር ጎተራ የሚያሠሩ ሹማምንት ከጣራው ይልቅ ስለ ነፋሱ መግቢያ ሊያስቡ ይገባል። የሆለታ እርሻ ምርምር ማዕከልም፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓመተ ምሕረት በፔሩ አገር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከልም ሲመክሩት የኖሩት ጎተራ ግድግዳው ጭቃ ያልተመረገ የእንጨት ርብራብ ነው። ረዥሙ ጐን ነፋስ ወደሚመጣበት ይዞራል፤ ድንቹም በመደርደሪያ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ይዘረጋል። በርብራቡ የሚገባው ብትን ብርሃን ጕንቍሉን አጭርና ብርቱ ያደርገዋል፤ በጨለማ ቤት የቈየ ዘር ግን ነጭና ረዥም ጕንቍል አውጥቶ ወደ እርሻ ሲወሰድ ይሰበራል። (ብርሃን ያገኘውና አረንጓዴ የሆነው ድንች ለዘር እንጂ ለመብል እንደማይሆን ለባላገሩ መንገር አይረሳ።)

ቆርቆሮ ለመዝገብ ያምራል፤ ለዘሩ ግን ሣር ይሻለዋል። ቆርቆሮ ቀን የፀሐዩን ትኵሳት ወደ ውስጥ ይለቃል፤ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዝና ከበታቹ ጤዛ ያንጠባጥባል። ሣር በየጊዜው መታደስን ይሻል፤ ይሁን እንጂ ሣሩም ከዳኙም በአገሩ አለ።

ሌባና አይጥ ፈርቶ ርብራቡን በጭቃ የሚመርግ ገበሬ አይነቀፍም፤ ፍርሃቱ እውነት ነውና። ጎተራው ከመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ቢሠራ፤ ርብራቡም ነፋስ ሳይከለክል ቢጠብቅ ይበጃል። ዘሩ የበሰበሰበት ሰው ከገበያ ይገዛልና፤ በገበያ ዘር ውስጥ ደግሞ ለዓይን የማይታይ፤ ተክሉን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ተሰውሮ ሊመጣና መሬቱን ሊበክል ይችላል።

ለመብል የሚቀመጠው ግን ጨለማ ይፈልጋል። ለእርሱ የደጋው ሌሊት ያለ ዋጋ የተገኘ ማቀዝቀዣ ስለ ሆነ መስኮቱ ማታ ይከፈት፤ ፀሐይ ሳይበረታ ይዘጋ።

ጐብኚው ሹም የጎተራዎችን ቍጥር ከመጻፉ በፊት እጁን በድንቹ መካከል አግብቶ ይዳስስ፤ ከውጭው አየር ይልቅ ሞቆ ያገኘው እንደ ሆነ በዚያው ቀን ክምሩ እንዲሳሳ፤ የተመረገውም ግድግዳ እንዲከፈት ይዘዝ።