ብልሃትም ድንበር ላይ ይፈተሽ

ዕቃችን ኬላ ላይ ይፈተሻል። ጆንያው ይወጋል፣ ካርቶኑ ይከፈታል፣ ደረሰኙ አንድ በአንድ ይታያል። አብሮን የሚሻገር፣ ግን ማንም የማይፈትሸው ሌላ ነገር አለ። እሱም ከሹፌር፣ ከሻይ ሻጭ፣ አልጋ ቤት ከምናገኘው መንገደኛ በአጋጣሚ የለቀምነው ብልሃት ነው። ውሃ ያለ ፍሪጅ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ባቄላ የት ቶሎ እንደሚበስል፣ እህል እንዴት እንደሚቀመጥ እንሰማለን። ሞያሌ ላይ የሰማነውን አዲስ አበባ እናወራለን፤ ጅቡቲ ያየነውን ሐዋሳ ላለች እህታችን በቴሌግራም እንልካለን።

እንዲህ ያለው እውቀት አይናቅም። ብዙዎቻችንን ከኪሳራ ያወጣን እሱ ነው። ነገር ግን ብልሃት ምክንያቱን ይዞ ካልተሻገረ ግማሽ ዕቃ ነው እንላለን። አንድ ቦታ የሠራው ሌላ ቦታ ላይሠራ ይችላል፤ አንዳንዴ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንዳንዴም ሰው ይገድላል።

ከቀላሉ እንጀምር። ቀኑን ከንጋት የምንቆጥረው እኛ ብቻ ነን ብለን ያደግን ሰዎች ኬንያ ስንገባ እንደነቃለን። ስዋሂሊ ተናጋሪው ባለሱቅ ጠዋት «ሳ ታቱ» ሲል የእኛን 3 ሰዓት ማለቱ ነው። «ሳ ሞጃ» 1 ሰዓት፣ «ሳ ምቢሊ» 2 ሰዓት ነው። እነሱም እንደኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ይቆጥራሉ። ይህን ያወቀ ሰው ቀጠሮ አይስትም ይባል ይሆናል፤ ይስታል እንጂ! የሚነገረውና የሚጻፈው ሰዓት ይለያያልና። በአውቶቡስ ቲኬት ላይ ጠዋት 8:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ 2 ሰዓት ነው። በመተማ በኩል ለሚሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፣ ደቡብ ሱዳንም በ2021 እንዲሁ አድርጋለች። ስለዚህ ጋላባት ካለ ሰው ጋር ስንቀጣጠር «በማን ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጆንያም እንደዚሁ ነው። ኬንያ ውስጥ የበቆሎ ዋጋ በአብዛኛው የሚጠራው በ«ጉኒያ» ነው። ስሙ ከእኛ ጆንያ ጋር ይመሳሰላል፣ ክብደቱ ግን 90 ኪሎ ነው፤ የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። «እዚያ ማዶ ረከሰ» የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የስንት ኪሎው ዋጋ እንደሆነ ነው። በ100 ጆንያ ላይ ልዩነቱ 1,000 ኪሎ ይሆናል፤ 10 ኩንታል ማለት ነው። ይህ የአንድ ጉዞ ትርፍ ሊሆን ይችላል።

ወደ ቤት ዕቃ እንምጣ። በሱዳን መስመር የሠራ ሰው ዚርን ያውቃል። በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ከሸክላው የሚቀዳው ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ምክንያቱ ውሃው በሸክላው ገላ ወዝቶ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ መሄዱ ነው። ሹፌሮች ጀሪካን በጆንያ ጠቅልለው፣ ጆንያውን አርጥበው መኪናው ጎን የሚያንጠለጥሉትም ለዚሁ ነው። ሞሐመድ ባህ አባ የተባለ ናይጄሪያዊ መምህር በ1990ዎቹ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ መካከሉን በእርጥብ አሸዋ በመሙላት ቲማቲምና ቃሪያ ያለ መብራት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ሠርቷል፤ ለዚህም በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል። ግሩም ብልሃት ነው። ግን ጅቡቲ ወደብ ዳር ወስደን ብንሞክረው ብዙም አይረዳንም። የባሕር ዳር አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው እንደ ልብ አይተንም፣ ካልተነነ ደግሞ አያቀዘቅዝም። ውጭው ቀለም የተቀባ ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ ሸክላም እንዲሁ ነው። ምክንያቱን ያወቀች ሴት ይህን ሳትሞክረው ታውቀዋለች።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ደግሞ የቺፕስና የብስኩት እሽግ እየተነፋ ይመጣል። «ተበላሽቷል» ተብሎ የተመለሰ፣ በግማሽ ዋጋ የተጣለ ዕቃ ስንት ነው? ዕቃው ግን ምንም አልሆነም። ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ይሳሳል፣ ውስጥ የታሸገው አየር ይለጠጣል። ሲወርድ ተመልሶ ይሟሽሻል። ይሁንና ይህንኑ ብልሃት ለቲማቲም ድልህ ወይም ለሳርዲን ጣሳ መጠቀም አደጋ ነው። የተነፋ ጣሳ ውስጡ ተህዋስያን እየተራቡ ጋዝ ፈጥረው ሊሆን ይችላል፤ የሚያወጡት መርዝም ሊገድል ይችላል። አይቀመስም፣ አይሸተትም፣ ይጣላል። «የተነፋ ዕቃ ችግር የለውም» የሚለውን ብቻ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት።

ያው ከፍታ ማድቤት ውስጥም አለ። ጅቡቲ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ቆላ ላይ ቶሎ የበሰለው ባቄላ ደጋ ላይ ቢዘገይ የባቄላው ጥፋት አይደለም። እሳት መጨመርም ከሰል ከማባከን በቀር ለውጥ የለውም፤ የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የሚረዳው ባቄላውን አሳድሮ መዘፍዘፍ ወይም በእንፋሎት ድስት መቀቀል ነው። የመጠጥ ውሃ ሲፈላም ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ከተንፈቀፈቀ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ። «ከሰሉ ከቀላና ጭሱ ካለቀ ቤት ማስገባት ይቻላል» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። በቆላ ከተማ፣ በሩ ክፍት በሆነ፣ ነፋስ በሚገባበት ቤት ውስጥ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ኖረው ይሆናል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ጭሱ ካለቀም በኋላ ከቀላው ፍም ይወጣል። ያው ልማድ ብርድ ባለበት ደጋ፣ በርና መስኮቱ በተዘጋ የብሎኬት አልጋ ቤት ውስጥ ሲገባ የተኙትን ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቱ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ይህን አያውቅም። ከሰል ማታ ውጭ ይደር። ብርዱን በብርድ ልብስ እንቻለው።

ሁለተኛው «የሻገተ በቆሎ አራግፈው፣ አጥበው ከቆሉት ይድናል» የሚለው ነው። ሻጋታው ይራገፋል፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ግን በማጠብ አይለቅም፣ በተለመደው ማብሰልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ፣ ማኩዌኒና ኪቱዊን በመሳሰሉ ምሥራቃዊ አካባቢዎች፣ በአግባቡ ሳይደርቅ ከተከማቸ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በ2021 ደግሞ ኬንያ በዚሁ መርዝ ምክንያት ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባ በቆሎን አግዳ ነጋዴው ድንበር ላይ ቆሞ ነበር። የቤተሰብም የገበያም ጉዳይ ነው።

ለዚህ ቀላል መፈተሻ አለ። ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን እህል ይሞላል፤ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል፤ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ አይገዛ፣ ከተገዛም ሳይሰጣ መጋዘን አይግባ። ምክንያቱ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ነው። ደካማ ጎኑም ከዚሁ ይመጣል፤ ጨው ራሱ እርጥብ ከሆነ ያሳስታል፣ ስለዚህ በተለይ ባሕር ዳር ቀድሞ ተቆልቶ ይቀዝቅዝ። ጨው አልተለጠፈም ማለት ደግሞ እህሉ ለወራት ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ ለረጅም ክምችት 13 በመቶ አካባቢ መድረቅ አለበት። ቀድሞ የገባ መርዝም ካለ ጨው አይናገርም።

«እናቶቻችን ለምን ብለው ሳይጠይቁ ኖረዋል» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ እናቶቻችን በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ምንጭ፣ በአንድ አየር ኖረዋል። ብልሃታቸውን ቦታው ራሱ ለብዙ ዘመን ፈትሾላቸዋል፤ የማይሠራው ወድቆ ቀርቷል። እኛ ደጋ ላይ ቁርስ በልተን በማግስቱ ባሕር ዳር እራት የምንበላ ሰዎች ነን። ያ ፈታሽ የለንም። የእነሱን እምነት ይዘን ያለ እነሱ ቦታ መኖር አንችልም።

ከመካከላችን ንግድ በዲፕሎማ የተማርን ሰዎች ወጪ ያለ ደረሰኝ መዝገብ ላይ አይሰፍርም ተብለን ነው ያደግነው። የብልሃት ደረሰኙ ሦስት ጥያቄ ነው፤ ለምን ይሠራል? የት አይሠራም? ባይሠራ ምን ያስከፍላል? ሦስተኛው ጥያቄ አንድ ድስት ወጥ ከሆነ መልሱ፣ ይሞከር፤ ሰው ከሆነ ግን የጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሞከር፣ ለሌላም አይላክ።

ዋጋና ደንበኛ መደበቅ የነጋዴ ወግ ነው፤ ማንም አይቀየምም። እህል መርጦ መግዛትንና ከሰልን ውጭ ማሳደርን ግን መደበቅ አይገባም። አዲስ ወደ ሥራው ለምትገባ ልጅ፣ መኪና ላይ ለሚያድር ረዳት፣ ቤት ለቀሩ ልጆቻችን ስንነግር ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ምን እንደሚደረግ፣ ለምን እንደሆነ፣ የት እንደማይሠራ። ሦስተኛው ከጎደለ ላኪውን ደውለን እንጠይቀው። እሱም የማያውቀው ከሆነ መልእክቱ እኛ ጋ ይቁም።