ሐኪሙ ሄደ፣ ችፌው ቀረ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሐኪም ቤቴ መጥቶ ነበር። የቆዳ ሐኪም ነው። ደጃችን ላይ የጨርቅ ኳስ ሲጠልዝ የማውቀው ልጅ ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሶ ሕዝብ ያክማል። ስሙን አልጠራም። የጋበዘውንም ተቋም አልጠራም፤ ጠቤ ከአሠራሩ እንጂ ከሰው ጋር አይደለም። ልጁ ከአንድ የአውሮፓ ከተማ መመለሱ ነው። «ፌሎሺፕ» ይሉታል። ስድስት ሳምንት ከአንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ሥር ሆኖ የችፌን ሕክምና ሲማር ቆየ። ሰርተፍኬት አለው፣ ፎቶ አለው። (ለእኔም ቸኮሌት አምጥቶልኛል፤ እግዜር ይስጠው።)

«እንዴት ነበር ታዲያ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነበር» አለና ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ከረምኩ» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአገሩ የሥራ ፈቃድ የሌለው እንግዳ ሐኪም በሽተኛ አይነካም። ጥግ ይዞ ያያል፣ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ሻይ ሰዓት ሲደርስ ሻይ ይጠጣል። ሕጉ በሽተኛን ለመጠበቅ የወጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ጥግ ይዞ ያየው ነገር እዚህ ሲመጣ ምን ይሠራለታል?

ችፌ ሲባል «ማሳከክ ነው፣ ያልፋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ የልጇን እጅ ይዛ ያደረችን እናት ይጠይቅ። ልጁ ካከከ ይደማል፣ ከደማ ያመረቅዛል፣ ሲነጋ አንሶላው በደም ተዥጎርጉሯል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ብቻውን ይቀመጣል። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብሎ ለአስተማሪውና ለጎረቤቱ የሚያስረዳ ሰው የለማ! እናትየው መጀመሪያ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ ጠበል ታስጠምቃለች። ቀጥሎ በልብስ ሳሙና ፈትጋ ታጥበዋለች፤ ያን ጊዜ ቆዳው ይብስ ይደርቃል። በመጨረሻ ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ቲዩብ ትገዛለች። ያ ቲዩብ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ነው፤ ሴቶቻችን ፊት ያቀላል ብለው የሚቀቡት ብርቱ ስቴሮይድ። ሕፃኑ በሦስት ቀን ይድንላታል። በስንት ወሩ ግን የፊቱ ቆዳ ሳስቶ፣ የደም ሥሩ ከላይ ይታያል። የዚህን ጊዜ ነው ወደ ሐኪሙ የምትመጣው።

የእኛ ሐኪም የሚጋፈጠው ይህንን ነው። አውሮፓ ያሳዩት ምኑን ነው?

ያሳዩት መቅላትን ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ ችፌን ሲገልጽ «ቀይ» ብሎ ይጀምራል፤ የሕመሙ ክብደት ሲመዘንም መቅላቱ ነጥብ አለው። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ችፌ ብዙ ጊዜ አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ አመድ ይመስላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ አንዳንዴም እንደ ጤፍ ፍሬ ያቆጠቁጣል። ይህንን እኔ የቀለም ሰው አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታኒያ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ መቅላትን መለኪያ ማድረግ የጥቁር ሕፃናትን ብርቱ ችፌ ሊሸፍን እንደሚችል አሳይቷል። ከዚያ ወዲህም በ2020 ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ፣ ዚምባብዌ የተወለደ የለንደን የሕክምና ተማሪ፣ ከሁለት መምህራኑ ጋር ሆኖ በጥቁር ቆዳ ላይ የሚታዩ ምልክቶችን የሚያሳይ መጽሐፍ ማዘጋጀት አስፈልጎታል። እዚያው ለንደን ውስጥ ማለት ነው። መምህሩ ራሱ የጎደለውን ተማሪ ሲሞላለት እያየን፣ የእኛን ልጅ እዚያው ወስደን ጥግ እናቆመዋለን!

ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ጉድለት ለችፌ ትልቅ ምክንያት መሆኑን ደረሱበት። ትልቅ ግኝት ነበር። የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ግን ያንኑ በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ ፈልገው፣ በ2011 ባወጡት ጽሑፍ አንድ አዲስ ለውጥ ከማግኘታቸው በቀር በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱትን ጉድለቶች አጡ። እንግዲህ የእኛ ሰው ችፌ ከሌላ በር የሚገባበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ያ በር የሚፈለገው የት ነው? በስቶክሆልም ወይስ እዚህ ተራ ጠባቂው ኮሪደር በሞላበት?

መድኃኒቱንስ? ልጁ ስለ ዱፒሉማብ ብዙ ነገረኝ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚወጋ፣ ብዙ ሰው ያዳነ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ሲፈቀድ የዓመት ዋጋው 37 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። «ስንት በሽተኛህ ይገዛዋል?» አልኩት። ሳቀ። የእሱ በሽተኛ የሚገዛው ቫዝሊን ነው፤ እሱንም ባለቀ ቁጥር ሳይሆን ባገኘ ቁጥር።

ፍርደ ገምድል አልሁን። ልጁ ተከራክሮኛል። «ጋሼ፣ አንድ በሽተኛ አርባ ደቂቃ ሲሰጠው አየሁ። ነርሷ እናትየዋን ቅባት አቀባቡን፣ እርጥብ ፋሻ አጠማጠሙን ቁጭ ብላ ስታስተምራት አየሁ። ይህን ሳላይ ብቀር አይቻልም ብዬ እኖር ነበር» አለኝ። ይህን እቀበላለሁ። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የባሕር ማዶ ቲዎሪ ተሸክሜ መጥቼ ክፍል ውስጥ ዘርግፌያለሁ፤ ከተማሪዎቼ ይልቅ እኔ ተጠቅሜበት ይሆናል። ግን ልጁ ራሱ የጠቀሰልኝን እዩት፤ የገረመው የነርሷ ትምህርት ነው እንጂ የፕሮፌሰሩ መርፌ አይደለም። ይህ ደግሞ አውሮፕላን አይፈልግም። ወንበርና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌላ ሁለት ሐኪም፣ ሌላ ሦስት ነርስ ይፈልጋል።

አቅጣጫው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም እኮ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ሲቋቋም፣ ሥጋ ደዌን ለመማር ዓለም ወደ ዘነበወርቅ ይመጣ ነበር። ፈረንጁም አፍሪካዊውም እዚሁ ከበሽተኛው ፊት ተቀምጦ ተማረ። ታንዛኒያም ብልህ ሥራ ሠርታለች። ከ1992 ጀምሮ ሞሺ ከተማ፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ሁለት ዓመት ያሠለጥናል። ውጭ አገር ያሉ ፕሮፌሰሮችም ወደዚያ እየሄዱ ያስተምራሉ። ተማሪው የሚነካው ቆዳ ነገ የሚያክመው ቆዳ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሰጪዎች ሆይ፣ ትኬቱን ገልብጡት! ፕሮፌሰሩ ይምጣ። ለስድስት ሳምንት ጉብኝት ሳይሆን ስድስት ወር ይቀመጥ፣ ከተመላላሽ ክፍላችን ወንበር ይያዝ፣ በቀን ስንት በሽተኛ እንደሚገባ ይቁጠር፣ ከልጁ ጋር አብሮ ይመርምር፣ ሲሳሳት ልጁ ያርመው። ከጤና ጣቢያ የመጡ ነርሶች አብረው ይቀመጡ። ሲመለስ ሰርተፍኬቱን እኛ እንስጠው።

ይህንኑ ለልጁ ነግሬው፣ «ጻፍላቸው» አልኩት። አላቅማማም፤ በጥሩ እንግሊዝኛ ጻፈላቸው። መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ፤ በጣም ትሑት መልስ ነው። ሐሳቡ ደስ እንዳሰኛቸው፣ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ግን በጀት እንዳልተያዘ ገልጸው፣ የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ ስለተከፈተ ሌላ ጎበዝ ሐኪም እንዲጠቁማቸው ይጠይቃሉ።