ለውሻችን ምን እናብላው? ከእርድ የተረፈው ጥሬ ጉበት ለምን አይሆንም?



ብዙ ወላጆች የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ልጆቹ በጣም የሚወዱት ውሻ አለን። ግን የበላው አይስማማውም፤ ቶሎ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ምን እናብላው?»

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። ውሻውን መርምሮ መድኃኒት የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሆኖም ውሻው የሚበላው ነገር የቤቱን ልጆች ጤና ስለሚነካ ጥያቄው እኔንም ይመለከተኛል። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለውሻ ምን እንምረጥ ከማለታችን በፊት ምን እንከልክል ማለት አለብን። ከሁሉም በፊት መከልከል ያለበት ደግሞ ከእርድ የተረፈ ጥሬ ጉበት፣ ሳምባና ሌላ የሆድ ዕቃ ነው። በወልቂጤም፣ በቡታጅራም፣ በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎችም ይህ ልማድ መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ።

📌 በእርድ ሰሞን የሚሆነው

መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አዲስ አበባ የሚነግደውም፣ ሌላ ከተማ የሚሠራውም ወደ አገሩ ይገባል። ሰንጋ ይታረዳል፤ ክትፎው፣ ቆጮው፣ አይቡ ይቀርባል። በአረፋም በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ እርዱ በየግቢው ነው። ደስ የሚል ጊዜ ነው።

የቤት እርድ ሲሆን ግን ሥጋውን የሚመረምር ባለሙያ የለም። ሆዱ ተከፍቶ ጉበቱ ወይም ሳምባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከታየ አራጁ «ይሄ አይበላም» ብሎ ቆርጦ ያወጣዋል። ለሰው አይሆንም ማለቱ ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ያ የተቆረጠ ነገር ደጅ ቆሞ ለሚጠብቀው ውሻ ሲወረወር ነው። ለሰው አይሆንም ያልነውን ክፍል ለውሻው ሰጠነው ማለት በሌላ መንገድ ወደ ልጆቻችን እንዲመለስ በር ከፈትን ማለት ነው።

📌 እንዴት ይመለሳል?

ያ ነጭ ከረጢት ሀይዳቲድ የሚባለው በሽታ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ በጣም ብዙ የትል ጽንሶች አሉ። ውሻው ጥሬውን ሲበላው በትንሹ አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ያድጋሉ። ከ6 እስከ 7 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከዓይነ ምድሩ ጋር የትሉ እንቁላል መውጣት ይጀምራል። እስቲ አስሉት፦ በመስከረም 17 የተወረወረ ጉበት በኅዳር መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ እንቁላል ሆኖ ይገኛል። ያኔ በዓሉን ማንም አያስታውሰውም።

እንቁላሉ በእርጥብ አፈር ላይ ለወራት መቆየት ይችላል። ከእንሰቱ ሥር፣ ከጎመኑ መደብ፣ ልጆች ከሚሯሯጡበት ጀፎረ ላይ ይኖራል፤ በውሻው ፀጉርም ላይ ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን አቅፎ ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ ቆጮውን ያነሳል። እንቁላሉ ወደ ሆዱ ከገባ በኋላ በደም ተጉዞ ብዙውን ጊዜ ጉበት ላይ፣ አንዳንዴ ሳምባ ላይ፣ አልፎ አልፎም ሌላ ቦታ ላይ ያርፍና ውሃ እየቋጠረ ማደግ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር እንለይ። ጥሬ የበሬ ሥጋ በመብላት የሚመጣው የኮሶ ትል ነው። ሀይዳቲድ ግን ሰውን የሚይዘው ከውሻ ዓይነ ምድር በሚወጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ ክትፎ በልቶ የማያውቅ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል።

📌 «እኛ ስንሰጥ ኖረናል፣ ምንም አልሆንም»

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የምረዳው አነጋገር ነው፤ ግን ሁለት ነገሮች ይሸሸጉበታል።

አንደኛ፣ ውሻው አይታመምም። ይህ ትል ያለበት ውሻ ብዙውን ጊዜ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይጫወታል። እንዲያውም ሆዱ የማይረበሸው ጠንካራው ውሻ ዋናው ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በሰው ላይ በሽታው ለዓመታት ድምፅ የለውም። በልጅነቱ የያዘው ሰው አድጎ፣ አግብቶ፣ ሥራ ይዞ ሊሆን ይችላል በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር የሚከብደው። ጥቂት በልቶ የመጥገብ ስሜት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሳምባ ላይ ከሆነ ደግሞ ሳልና የደረት ውጋት ይኖራል። ብዙዎች «ጨጓራ ነው» እያሉ ይቆያሉ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ከረጢቱ በድንገት ከፈነዳ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። ሕክምናውም እንደ መጠኑና እንደ ዓይነቱ ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል፣ በባለሙያ በመርፌ ማውጣት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ለልጆች በትምህርት ቤት የሚሰጠው የአንድ ጊዜ የትል ኪኒን ይህን በሽታ አይከላከልም።

«ምንም አልሆንም» የምንለው እንግዲህ በሽታው ከዓመታት በኋላ ብቅ ሲል ከተወረወረው ጉበት ጋር ስለማናገናኘው ነው።

መከላከል ይቻላል ወይ? አዎ። አይስላንድ በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚጠቁ አገሮች አንዷ ነበረች። ያኔ አልትራሳውንድም፣ አልቤንዳዞልም አልነበረም። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየቤቱ በታደለ ትንሽ መጽሐፍ ሕዝቡ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት እንደሌለበት ተማረ፤ በኋላም ሕግ ወጣ። በሽታው እየቀነሰ ሄዶ ከአገሪቱ ጠፋ። ያዳናቸው ዋናው ነገር የውሻውን ምግብ መለወጣቸው ነው።

📌 ታዲያ ሆዱ ቶሎ ለሚረበሽ ውሻ ምን ይሻለዋል?

የታሸገ የውሻ ምግብ መግዛት የሚችል ለዕድሜው የሚሆነውን መርጦ ይግዛ። አብዛኛው ቤተሰብ ግን ከማዕድ የተረፈውን ነው የሚሰጠው። በእሱም ቢሆን ውሻውን በደንብ መመገብ ይቻላል።

✔ ሆዱ ሲረበሽ ለሁለትና ሦስት ቀን ቀለል ያለ ምግብ ስጡት፦ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ ወይም ድንች፣ ከአጥንትና ከስብ ከጸዳ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዶሮ ጋር። በአንድ ጊዜ ከማብዛት በትንሽ በትንሹ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ንጹህ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይሁን።

✔ ምግቡን በድንገት አትቀይሩ። አዲሱን ከድሮው ጋር እየቀላቀላችሁ በ7 ቀን ገደማ ውስጥ አሸጋግሩት። የብዙ ውሾች ተቅማጥ መነሻው ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ በዓል ሲመጣ የሚብስባቸውም ለዚህ ነው።

✔ ቆጮ ብቻውን አይበቃውም። ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይጨመርበት።

✔ ጉበትና ሳምባ መስጠት ከፈለጋችሁ በትንንሹ ቆርጣችሁ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ከረጢቱ ከውስጥ ሆኖ ላይታይ ስለሚችል ጤነኛ የሚመስለውንም ቀቅሉ። ከረጢት የታየበትን ግን አቃጥሉት፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፣ ላዩንም ድንጋይ ጫኑበት።

❌ ቅቤና ሚጥሚጣ የበዛበት የክትፎ ትራፊ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት፣ ቸኮሌት፣ የሻገተ ምግብ አትስጡ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወተትም ለብዙ ትልልቅ ውሾች አይስማማም።

❌ የእናንተን መድኃኒት አትስጡት። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ውሻን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ።

📌 ከምግቡ ጋር የሚሄዱ ነገሮች

ለውሻው የትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ይሰጠው። ለዚህ ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ሲሆን መጠኑ በክብደቱ ነው። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን አይገድልም። ስለዚህ መድኃኒቱን በወሰደበት ሰሞን ለሁለት ቀን ያህል አስራችሁ ዓይነ ምድሩን ሰብስባችሁ ቅበሩት። በሌላውም ጊዜ ግቢው ይጽዳ፤ ከውሻ ዓይነ ምድር የሚመጡ ሌሎች ትሎችም ልጆችን ያጠቃሉና። ጎመንና ሰላጣ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ልጆች ውሻውን ከነኩ በኋላ በሳሙና መታጠብን ይልመዱ፤ ፊታቸውን እንዲልስም አይፍቀዱለት።

ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ትውከቱ ካልቆመ፣ ውሃ ካልጠጣ ወይም ቡችላ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት።

⚠ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ውሻው መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ጠባዩም ከተለወጠ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

📌 የቤተሰብ ብቻ ሥራ አይደለም

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢጠነቀቅ የጎረቤቱ ውሻ አጥር አያግደውም። ስለዚህ በመስቀልና በአረፋ ሰሞን የከተማ አስተዳደሮችና ቀበሌዎች ለየሰፈሩ የተከደነ የማስወገጃ ጉድጓድ ቢያዘጋጁ፣ ቄራዎች ውሻ በማይገባበት አጥር ቢታጠሩ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ከበዓሉ በኋላ ውሾችን የትል መድኃኒት ቢሰጡ ብዙ ቀዶ ሕክምና ይቀንሳል። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ከመጸዳጃ ቤትና ከእጅ መታጠብ ጋር ይህንን ቢያስተምሩ ጥሩ ነው። መፍትሔው ውሻውን መርዞ መግደል አይደለም። ጥሬ ሆድ ዕቃ መወርወሩ ካልቆመ ነገ የሚመጣው ሌላ ውሻ ያንኑ ይበላል።

«ማገዶ ውድ ነው፣ ለሰው የሚሆን ጠፍቶ ለውሻ ይቀቀላል እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ኑሮ ከብዷል። ያልቻለ አይቀቅል፤ ይቅበር። ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ አይጠይቅም።

በዚህ ዓመት እርዱ ሲፈጸም ከቤቱ አንድ ሰው ይመደብ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ጥሬው ወደ ውሻው እንዳይሄድ ማየት።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን። ለበዓል ወደ አገር ቤት ለሚገቡ ወዳጅ ዘመዶቻችሁም አጋሩላቸው።