ፍሬሙን ሳታዩ ካርቶኑን አታሽጉ



ባለፈው ዓርብ ጅዳ ሂንዳዊያ ስንሰበሰብ፣ ለማኅበራችን የሳይክል መፍቻ ይገዛ ወይስ አይገዛ በሚለው ብዙ ተባብለን ሳንስማማ ተለያየን። እኔ «ይገዛ» ካሉት ነኝ። የሳቃችሁብኝም እንዳላችሁ አይቻለሁ። ሰዓት አልበቃኝም ነበርና ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው። መካ ሂንዳዊያ ያላችሁ እህቶችም ሐሳባችሁን ጨምሩበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከታናሽ ወንድሜ ነው። ባሕር ዳርን የምታውቅ ሁሉ ታውቀዋለች፤ እዚያ ሳይክል ጌጥ ሳይሆን እግር ነው። ከተማው ሜዳ ነው፤ ተማሪውም አናጢውም በሳይክል ነው የሚሄደው። ወንድሜ ከዘንዘልማ ከተማ ድረስ ለእንጨት ሥራ ይመላለሳል። «እታለም፣ ሳይክል» እያለ ሁለት ዓመት ሲለምነኝ ቆየ። በመጨረሻ ባብ ሸሪፍ አካባቢ ርካሽ የማውንቴን ሳይክል ፍሬም ገዛሁለት። ጎማውን፣ ፔዳሉን፣ ካቴናውን ለየብቻ ለቃቅሜ «እዚያ ይገጣጥመዋል» ብዬ በካርቶን አሽጌ በካርጎ ላክሁ።

ደስታው አንድ ቀን ነው የቆየው። የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት ቤት ውስጥ ቀለም ተጋግሮ ጥርሱን ሞልቶታል። ወንድሜ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ወደ ግራ ሲዞር እንደሚጠብቅ አያውቅም። እምቢ ሲለው መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት አዞረው። ማታ ደወለ፤ «እታለም፣ ጥርሱ ተበላ።» የሦስት ወር ቁጠባዬ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባኝ ይሄ ነው፦ ርካሽ ፍሬም ማለት ያላለቀ ሥራ ማለት ነው። ዋጋው የቀነሰው በእጅ የሚደረገው የመጨረሻው ሥራ ስለተተወ ነው፤ ቀለሙ ከጥርሱ አይጸዳም፣ ስለቱ አይሞረድም። ያንን ሥራ ገዢው መጨረስ አለበት። መጨረስ ያለበትም እዚሁ ነው። ችግሩ እዚህ ከተገኘ ሱቁ ድረስ ሄደን «ቀይርልኝ» እንላለን። ባሕር ዳር ከተገኘ ለማን እንናገራለን?

ሁለተኛውን ፍሬም ስገዛ አንድ ትንሽ ማግኔት፣ ክርና ሜትር ይዤ ሄድኩ። ማግኔቱ ከያዘ ፍሬሙ ብረት ነው፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ይሄን ማወቅ ይጠቅማል። ብረት ትንሽ ቢጣመም ባለሙያ ያቀናዋል፤ አሉሚኒየም ግን ሲያቃኑት ሊሰነጠቅ ይችላልና የተጣመመ ካያችሁ አትግዙ።

ክሩን ደግሞ የኋላ ጎማ ከሚገባባቸው ከሁለቱ ጆሮዎች በአንዱ አሰርኩት። በፊተኛው የመሪ ቱቦ ላይ አዙሬ መልሼ ሌላኛው ጆሮ ላይ ወጥሬ አሰርኩ። ከዚያ ከኮርቻው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት በቀኝም በግራም ለካሁ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከተለያየ ሌላ አምጣ በሉት። ባለሱቁ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ሁለተኛውን ፍሬም ስመልስበት ግን ሳቁን ተወ።

የሁለቱ ጆሮዎች ስፋትም ይለካል። በብዙ ርካሽ የማውንቴን ሳይክሎች 135 ሚሊሜትር ነው፤ የጎማው መሐል ዘንግ ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። የፔዳሉ ዘንግ ቤት ስፋት ብዙ ጊዜ 68 ወይም 73 ሚሊሜትር ነው። ሳትለኩ ዘንግ አትግዙ።

ቤት ስንገባ ዋናው ሥራ የፔዳሉ ቤት ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በላምባ ጥርሱን አጽዱ። ከዚያ ግሪስ ቀብታችሁ በጣታችሁ ብቻ አስገቡት። የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። ፔዳሎቹ ግን በተቃራኒው ናቸው፤ የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡት። በጣት ጥቂት ዙር ካልገባ መፍቻ አታንሱ፤ ሳይክል ሠሪ ጋ ውሰዱትና ጥርሱን እንደገና ያውጣው።

የቀረው ቀላል ነው። የኮርቻው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለውን ስለት በሞረድ፣ የመሪው ቱቦ አፍ ላይ የተጋገረውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ፍሬሙ ብረት ከሆነ የጅዳ የባሕር አየር ቶሎ ያዝገዋልና ቱቦው ውስጥ ዘይት አፍስሳችሁ አገላብጡት። ስታሽጉ በሁለቱ ጆሮዎች መሀል ልኩ 135 የሆነ እንጨት አስገቡ፤ ካርጎ ላይ ሌላ ዕቃ ሲጫነው እንዳይጨፈለቅ።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። «ብር ላኪለት፣ እዚያው ይግዛ» ያላችሁኝ አላችሁ። እዚያ ያለው ዋጋ ከካርጎው ጋር ተደምሮ የሚሻል ከሆነ፣ አዎ፣ ብር ላኩ። መላካችን ካልቀረ ግን አይተን እንላክ ነው የምለው።

«የወንድ ሥራ ነው» ያለችውን እህቴን አልቀየምኳትም። ግን የጋዝ ሲሊንደር የምንቀይረው፣ የልብስ ማጠቢያውን ማጣሪያ ፈትተን የምናጸዳው፣ የልጆቹን ጋሪ የምንጠግነው እኛ አይደለን እንዴ? የማዳም ቤት ሲሆን ሥራ ነው፤ ለራሳችን ሲሆን ነውር የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ዛሬ ኮርኒሽ ላይ ሴቶች በሳይክል ሲሄዱ እያየን ነው።

ያሳሰበኝ ሦስተኛው ነው፤ «ገንዘቡ ለታመመችና ቲኬት ላጣች ነው የተሰበሰበው።» እውነት ነው፣ እሱ አይነካ። ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽዬዋለሁ። ለብቻው አምስት አምስት ሪያል እናዋጣ። አለን መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ሜትርና አንድ ጣሳ ግሪስ ይበቃናል። ውዱን የጥርስ ማውጫ ሳይክል ሠሪው ጋ እንተወው።

አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ። በ2006 ዓ.ም. ከዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ አንዲት ሻንጣ እንኳ በቅጡ አልያዙም። የተገዛው ዕቃ ክፍል ውስጥ ቀረ። እጅ ላይ ያለ ሙያ ግን ኪሎ አይመዘንም፣ ማንም አይቀማውም። ባሕር ዳር ላይ ሳይክል መጠገን የምትችል ሴት እንጀራዋን አታጣም።

ሁለተኛው ሳይክል ከዘንዘልማ ከተማ እየተመላለሰ ነው። ወንድሜ ሲገጣጥመው በስልክ አብሬው ነበርኩ፤ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት «እታለም፣ በጣቴ ገባ» አለኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከዐስር በኋላ ፍሬም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁም ኑ። ክሩን እኔ አመጣለሁ።