ከግጥሙ የተባረረው ቦክሰኛ

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ያረጀ ክርክር አይጠፋም፤ ሲኒማ መጽሐፍን ያበላሻል የሚል። አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ ከንቱ ነው። ተከራካሪው የሚያዝነው ለመጽሐፉ ሳይሆን በልቡ ስሎት ለነበረው መልክ ነው፤ የጀግናው ጢም ተላጭቷል፣ የጀግናዪቱ ጠጉር አጥሯል ብሎ ይቆጣል። እኔ ዛሬ የማነሣው በደል ከጢምና ከጠጉር የከበደ ነው። አንድ ገጣሚ ስለ ጥቁር ሰው የጻፈውን ረጅም ግጥም ስቱዲዮ ወሰደና ጥቁሩን አስወጥቶ በቦታው ነጭ ሰው ተካ። ከዚያም ዓለም ፊልሙን እውነትን ሳይፈራ ያሳየ ሥራ ብሎ አወደሰው። ውዳሴው ዛሬም አልቆመም።

ግጥሙ የጆሴፍ ሞንከር ማርች ነው። ማርች «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት በተቋቋመ ሰሞን በአዘጋጅነት የሠራ ሰው ሲሆን፣ ያን ትቶ ሁለት ረጃጅም ትረካዊ ግጥሞች ጻፈ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1928 ታተሙ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው «ዘ ሴት አፕ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ወጥመዱ» ብንለው ያስኬዳል። ባለታሪኩ ፓንሲ ጆንስ የተባለ ጥቁር ቦክሰኛ ነው። ክንድ ነበረው፤ የቆዳው ቀለም ግን ወደ ላይ አላስወጣውም። እስር ቤት ገብቶ ወጣ፤ ዕድሜው ገፋ። ማናጀሩ ለእሱ ሳይነግር ሽንፈቱን ለቁማርተኞች ሸጠበት። ፓንሲ ግን አሸነፈ፤ በማሸነፉም አሳደዱት፤ መጨረሻው የምድር ውስጥ ባቡር ሐዲድ ላይ ሆነ። ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፤ እንደ ተጋጣሚ ትንፋሽ ይቆራረጣሉ፤ ቤት የሚመቱትም ሰው በሚመታበት ፍጥነት ነው።

ግጥሙን ጻድቅ ላደርገው አልሻም። በዘመኑ የጎዳና ስድብ የተሞላ ነው፤ ስለ አይሁዳውያንም ሆነ ስለ ጥቁሮች የሚናገርበት አንደበት ዛሬ ያሳፍራል። ሆኖም አጥንቱ ሐቀኛ ነበር፤ ፓንሲ ጆንስ የወደቀው ስለ ደከመ ብቻ ሳይሆን ጥቁር ስለሆነም ነው። ይህን ምክንያት ካወጣችሁለት በእጃችሁ የሚቀረው ያረጀ ቦክሰኛ ብቻ ነው።

አር ኬ ኦ የተባለው ስቱዲዮ በ1949 ያደረገው ይህንኑ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ አርት ኮን የተባለ የቀድሞ የስፖርት ጋዜጠኛ አዘጋጀ፤ ሮበርት ዋይዝ ዳይሬክት አደረገው። ፓንሲ ጆንስ ስቶከር ቶምሰን ተብሎ እንደገና ተጠመቀ፤ ነጭ፣ የ35 ዓመት ሰው፣ የምትጨነቅለት ሚስት ያለችው። ገጣሚው ለውጡን ተቃወመ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የሐያስያንን ሽልማት ወሰደ።

ለዚህ ሁልጊዜ የሚቀርብ መከላከያ አለ። «ዘመኑ ነው፤ የ1949 የአሜሪካ ተመልካች ጥቁር መሪ ተዋናይ አይቀበልም ነበር፤ ደግሞስ ሚናውን የሚሸከም ተዋናይ ከየት ይመጣ ነበር?» ይላሉ። ከየት ይመጣ ነበር? ፊልሙን እንደገና ተመልከቱ! ስቶከር ተራውን በሚጠብቅበት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሉተር ሆኪንስ የሚባል ወጣት ጥቁር ቦክሰኛ አለ። የሚጫወተው ጄምስ ኤድዋርድስ ነው። ቁመቱም፣ ድምፁም፣ በራስ መተማመኑም ያለው ተዋናይ ነው። ይኸው ኤድዋርድስ በዚያው በ1949 «ሆም ኦፍ ዘ ብሬቭ» በተባለው ፊልም ዋናውን ወታደር ሆኖ ቀርቧል። የዚያ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ በአርተር ሎረንትስ ተውኔት ውስጥ ወታደሩ አይሁዳዊ ነበር፤ የስታንሊ ክሬመር ኩባንያ ነው ለሲኒማ ጥቁር ያደረገው። እንግዲህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ተዋናይ አንዱ ስቱዲዮ ጥቁር ያልነበረውን ጥቁር ሲያደርግ፣ ሌላው ጥቁር የነበረውን ነጭ አደረገ። ዘመኑ ሁለቱንም ይፈቅድ ነበር። አር ኬ ኦ መረጠ። የተፈለገው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ጓንቱን አጥልቆ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ስል አንዳንዱ ወዳጄ «እንግዲያው የሮበርት ራያንን ሥራ ልትጥል ነው?» ይለኛል። አልጥልም። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ራያን መጥፎ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ፓንሲ ጆንስን ማንም ባልረሳው ነበር።

ራያን በ1909 ቺካጎ ተወለደ። በዳርትማዝ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በከባድ ሚዛን የኮሌጁን ሻምፒዮንነት አራቱንም ዓመት ይዞ ቆየ። በ1932 ተመርቆ ሲወጣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጠበቀው፤ በከብት እርባታ ሠራ፤ ወደ አፍሪካ በምትሄድ መርከብ ላይም ምድጃ እያነደደ ተጓዘ። በእንግሊዝኛ የመርከብ ምድጃ አንዳጅ ስቶከር ነው የሚባለው፤ ገጸ ባሕርዩ ያንኑ ስም መያዙ እንግዳ ግጥምጥሞሽ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በማሪን ጦር አሠልጣኝ ነበር።

በመሆኑም ብዙዎች «ቦክሰኛ ነበርና ቦክሰኛን ተጫወተ፤ ምን ያስደንቃል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ተዋናይን ያዋርዳል። ቡጢ መሰንዘር የሚችል ሰው በየሠፈሩ ሞልቷል። በ«ዘ ሴት አፕ» ውስጥ የራያን ታላቅነት የሚታየው ከሪንጉ ውጭ ነው። ከልብስ መቀየሪያው መስኮት ማዶ ሚስቱ ያረፈችበት ርካሽ ሆቴል ይታየዋል። የክፍሏ መብራት ሲጠፋ ልትመለከተው እየመጣች ነው ብሎ ፊቱ ይበራል፤ ወደ አዳራሹ ሲወጣ ግን ወንበሯ ባዶ ነው። አንዲት ቃል አይናገርም። ፊልሙ 72 ደቂቃ ያህል ነው፤ ታሪኩም በዚያው ልክ ያለ መዝለል ይሄዳል፤ ያን ሁሉ ጊዜ እኛ የምናነበው የዚህን ሰው ፊት ነው። ግጥም በነፍሱ የገባው ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ መለየት አያቅተውም።

ሌላው የማልቀበለው ፍርድ ራያን በክፉ ሰው ሚና ታሥሮ ቀረ የሚለው ነው። በ1947 በ«ክሮስፋየር» አይሁዳዊን የገደለ ወታደር ሆኖ ተጫወተ፤ ለኦስካር የታጨበት ብቸኛው ፊልምም እሱ ነው፤ አላገኘም። (ያም ፊልም የራሱ ምሥጢር አለው፤ በሪቻርድ ብሩክስ ልብ ወለድ ውስጥ የተገደለው ሰው ግብረ ሰዶማዊ ነበር፤ የሳንሱር ሕጉ ስላልፈቀደ ተለወጠ። ሆሊዉድ ሟችን መቀያየር ልማዱ ነው።) በ1955 «ባድ ዴይ አት ብላክ ሮክ» ላይ ጃፓናዊ ገበሬ የገደለ የመንደር አለቃ ሆነ። በኑሮው ግን ለዜጎች መብት የቆመ፣ የኑክሌር መሣሪያን የተቃወመ፣ ከሚስቱ ጋር ትምህርት ቤት ያቋቋመ ሰው ነበር። ይህ ሰው ዘረኛን ሲጫወት አላላገጠበትም፤ ቀንድም አላበቀለለትም። የሚያውቀውን ጎረቤት አደረገው። ጀግና ብቻ እየተጫወቱ ካረጁት ዝነኞች ይልቅ ለአገሩ የጠቀመው በዚህ ነው ባይ ነኝ።

በ1959 ራያንና ዋይዝ «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው» ላይ እንደገና ተገናኙ። ፊልሙን ያሠራው የሃሪ ቤላፎንቴ ኩባንያ ነው፤ ራያን ከቤላፎንቴ ጋር ባንክ ለመዝረፍ የተቀጠረ ዘረኛ ሆነ። (ባንክ ውስጥ እንጀራ የምበላ በመሆኔ በዘረፋ ፊልም ሳልወድ በግድ ለገንዘብ ቤቱ ነው የማዳላው።) ዘረፋው የሚከሽፈው ነጩ የመኪናውን ቁልፍ ለጥቁሩ ማመን ስላልቻለ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ በጋዝ ማጠራቀሚያ ፍንዳታ ተቃጥለው ሬሳቸውን እንኳ ማን የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። ጽሑፉ የአብርሃም ፖሎንስኪ ነበር፤ እሱ በጥቁር መዝገብ ላይ ስለነበረ የጥቁሩ ደራሲ የጆን ኪለንስ ስም ተለጠፈበት፤ የፖሎንስኪ ስም በይፋ የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው።

በዚህ ፊልም የ1949ኙ ዕዳ ተከፍሏል ሊባል ይችላል። ጥሩ ክፍያ ነው፤ ግን በሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው የገባው። የፓንሲ ጆንስ ሒሳብ እንዳለ ነው።

ራያን በ1973 ሞተ። በዚያው ዓመት ከሞተ በኋላ በታየው «ዘ አይስማን ካሜዝ» ላይ፣ በዩጂን ኦኒል ተውኔት፣ ሞቱን እየጠበቀ የሚኖር ላሪ ስሌድ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ፊት ላይ የጀመርነውን የመስኮት ዝምታ ደግመን እናገኘዋለን። «ዘ ሴት አፕ»ን ለወጣቶች የምታሳዩ የፊልም ክበቦች ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መብራቱን ከማጥፋታችሁ በፊት ይህ ታሪክ ግጥም እንደነበረ፣ ገጣሚው ጆሴፍ ሞንከር ማርች፣ ቦክሰኛውም ፓንሲ ጆንስ የተባለ ጥቁር ሰው እንደነበረ ንገሯቸው። ከዚያ ጄምስ ኤድዋርድስ ወደ ክፍሉ ሲገባ ያዩታል።